የፉርጎው ጆሮ

ጉደር፣ ጥቅምት 26 ቀን 1979 ዓ.ም.

ፉርጎው ትናንት ታሽጓል። አባባን አምቦ ወስደዋቸዋል።

ለተከበሩ ጋሼ ቀንዓ ኢዶሳ፤ ጅቡቲ። ሰላምታዬን ወደ ኋላ ያስቀረሁት በድፍረት አይደለም። ጌታ እርስዎንና ቤተሰብዎን በዚያ ሙቀት አገር ይጠብቅልን። እኛ ከአባባ በቀር በጤና አለን።

የእናቴ የአጎት ልጅ ነዎት፤ ዕድሜዎንም በምድር ባቡር ፉርጎ ሲመረምሩ አሳልፈዋል። ስለዚህ ከእርስዎ ሌላ የምጠይቀው የለኝም። ጥጆች የምናሳድርበትን ፉርጎ ያስታውሱታል። ባላባቱ ግራዝማች ፈይሳ በሕይወት ሳሉ ከአዲስ አበባ በትሬንታ ኳትሮ መኪና አስጭነው ያመጡት ነው። የመሬት አዋጁ ሲወጣ ገበሬ ማኅበሩ ለአባባ መራላቸው። እኔ ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ እዚያው ቦታ ቆሟል።

ዘንድሮ የመንደር ምሥረታው እኛ ዘንድ ደረሰና ቤታችንን አፍርሰን ወደ ሜዳው ወረድን። ፉርጎው አይፈርስም፣ አይነሣም፤ ስለዚህ ይመዝገብ ተባለ። ለምዝገባው ጓድ በድሉ የሚባሉ ሰው ከአውራጃው መጡ። ከጀርባው የተከመረው እንጨት ሲነሣ፣ ከታችኛው ብረት ጥግ ላይ የተሰረዘ ቁጥር ተገኘ። ሌላው ብረት ሁሉ ዝጓል፤ ያቺ መዳፍ የምታህል ቦታ ግን ታበራለች። «ልመዘግብ እንደምመጣ ሰምታችሁ የመንግሥት ቁጥር ሰርዛችኋል» አሉ። አባባ «እኔ አልሰረዝኩም» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተነፈሱም። የተያዙት የመንግሥት ንብረት በመደበቅና መለያውን በማጥፋት ነው።

ይህ ፉርጎ ምን እንደሆነና ቁጥሩን ማን እንደሰረዘው የሚያስረዳ ወረቀት እንዲጽፉልን እለምናለሁ። እናቴ ድንቅቱ ሰላም ብላለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ አትናገርም።

የልጅዎ ያህል የምታከብርዎ፣ ባየሽ ረጋሳ

*

ጅቡቲ፣ ኅዳር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ልጄ ባየሽ፤ የአባቶቻችን አምላክ አባትሽን በሰላም ከቤቱ ይመልስልን። ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ፤ ዛሬ እመልሳለሁ።

ፉርጎ እርሻ ከገባ መልኩ ይጠፋል። መተሐራ አጠገብ ሽንኩርት የሚቀመጥበት አንድ አውቃለሁ። ከአዋሽ ወዲህ ደግሞ የዶሮ ቤት የሆነ አለ፤ ባለቤቱ «ይሄ ዛኒጋባ ነው፣ ምን ባቡር ባቡር ትለኛለህ?» ብሎ ተጣልቶኛል። ሰዎች መስኮት ይቆርጡለታል፣ ጭቃ ይመርጉታል፣ ሣር ይከድኑታል። የታችኛው የብረት አካል፣ ሻንሲው፣ ግን እንዳለ ይቀራል። በሩ የሚንሸራተትበት ሐዲድም አይጠፋም። እኔ የማየው እነሱን ነው።

አሁን የምጠይቅሽን ሄደሽ በእጅሽ እየዳሰስሽ መልሽልኝ። በሩ ወደ ውጭ ይከፈታል ወይስ ይንሸራተታል? ሻንሲው በምስማር የተቀጠቀጠ ነው ወይስ በብየዳ የተያያዘ? ቁጥሩ የተሰረዘው እንዴት ነው? በመጋዝ ነው፣ በሞረድ ነው ወይስ በመሮ? ስንት መሥመር ነው? በየትኛው ጥግ?

ለምን እንደምጠይቅ ልንገርሽ። አንድ ፉርጎ ከሥራ ሲወጣ እኛ ወርክሾፑ ውስጥ በግራው የኋላ ጥግ ቁጥሩ ላይ በብረት መሮ ሁለት ሰያፍ መሥመር እንመታ ነበር። ከዚያ በኋላ እንደ ውዳቂ ብረት ይሸጣል። ሌባ እንዲህ አይሰርዝም፤ ሌባ ቁጥሩን ፍቆ ያጠፋዋል። ሁለት ሰያፍ ከሆነ ደስ ይበልሽ።

ለድንቅቱ ሰላምታዬን አድርሽልኝ። ዝም ማለቷ አልገባኝም፤ በልጅነታችን እሷን ዝም የሚያሰኝ አልነበረም።

ቀንዓ

*

ጉደር፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ቀንዓ፤ የላኩልን ቃል ለደከመ ሰው እንደ ምርኩዝ ሆኖልናል፤ እግዚአብሔር ያክብርልን።

እሑድ ሄጄ አየሁት። የታሸገው በሩ ብቻ ስለሆነ ዙሪያውን መዳሰስ አልተከለከልኩም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ተሬፋ ግን አጠገቤ ቆመው ጠበቁኝ።

«አስተማሪዋ ደግሞ ፉርጎ ማስተማር ጀመረች?» አሉኝ።

«እርስዎም ቢማሩ አይከፋም፣ ኦቦ ተሬፋ።»

«ጓድ በይኝ።»

«እሺ፣ ጓድ ኦቦ ተሬፋ።»

ሳቃቸውን ዋጡና የእጅ ባትሪውን ያዙልኝ። ከሻንሲው ሥር ጨለማ ነበር። በሩ ይንሸራተታል። ሻንሲው በትልልቅ ምስማር የተቀጠቀጠ ነው፤ ብየዳ የለበትም። ቁጥሩ ያለው በግራው የኋላ ጥግ ነው። ሁለት ሰያፍ መሥመሮች አሉበት፤ በጣት ሲዳሰሱ እንደ ቦይ ጠልቀዋል። ከሥራቸው ቁጥሩ ይነበባል፦ 347።

ሰኞ አምቦ ሄጄ ደብዳቤዎን ለጓድ በድሉ አነበብኩላቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «እሺ፣ ምድር ባቡር ራሱ ሰርዞታል እንበል። ግራዝማቹ ይህን ካመጡት ስንት ክረምት ሄደ? የጉደር ዝናብ ሌላውን ብረት ሲበላ ይህን ለምን ማረው? ይህ ትናንት የተመታ ነው። ከተመታም በኋላ እንዳይዝግ አንድ ነገር ተቀብቷል» አሉ። አባባን አስጠሯቸው።

«ኦቦ ረጋሳ፣ ይሄ ብረት ለምን አልዛገም?»

አባባ መሬት መሬት አዩ።

«የሚያውቁት ካለ ይናገሩና ዛሬውኑ ወደ ቤትዎ ይሂዱ።»

«የምመልሰው የለኝም» አሉ።

ጋሼ፣ አባባ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ናቸው። ሲዋሹ ሰምቻቸው አላውቅም። ሲጠየቁ ዝም ሲሉም አይቼ አላውቅም። ከስተዋል።

ባየሽ

*

ጅቡቲ፣ ጥር 18 ቀን 1979 ዓ.ም.

ልጄ ባየሽ፤ ለደከማችሁት ሁሉ ብርታት ይስጣችሁ። የዘገየሁት የአለቃዬን ፊርማ ስጠብቅ ነው። የተፈረመውን ወረቀት ከዚህ ጋር ታገኝዋለሽ። ከነገርሽኝ ተነሥቼ ፉርጎው የተዘጋ የጭነት ፉርጎ መሆኑን፣ አሠራሩ ብየዳ ከመምጣቱ በፊት የነበረ መሆኑን፣ ስረዛውም ከሥራ የወጣ ፉርጎ የሚሰረዝበት ዓይነት መሆኑን ጽፌአለሁ። እዚህ ድረስ እምላለሁ።

ከዚህ አልፌ መማል አልችልም። የአውራጃው ሰው የጠየቀው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እጠይቅ ነበር። ብረት ራሱን አይቀባም፤ አንድ ሰው ይንከባከበዋል። ነጭ ወረቀት ወስደሽ ቁጥሩ ላይ ጠንከር አድርገሽ ፈትጊውና አጥፈሽ ላኪልኝ።

እናትሽ ስለ እኔ ደብዳቤ ምን ትላለች? አልጻፍሽልኝም።

ቀንዓ

*

ጉደር፣ የካቲት 8 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ቀንዓ፤ ስለ ወረቀቱ ጌታ ብድርዎን ይክፈል።

ያሉኝን አድርጌአለሁ፤ ያሸሁበትን ወረቀት ይኸው። እኔ ከአቧራ በቀር ምንም አላየሁበትም። ፉርጎውን የሚቀባ ሰው የለም።

አንድ ነገር ልለምንዎ። አንዳንድ ብረት በተፈጥሮው አይዝግም ይባላል። የድሮ ባቡር ብረት እንዲህ ያለ ነው ብለው አንድ መሥመር ቢጨምሩልን ነገሩ ያልቅ ነበር። ጓድ በድሉ የእርስዎን ቃል ይቀበላሉ።

እናቴ ደኅና ነች።

ባየሽ

*

ጅቡቲ፣ የካቲት 28 ቀን 1979 ዓ.ም.

ልጄ ባየሽ፤ ሰላም ለቤታችሁ ይሁን።

የማይዝግ የፉርጎ ብረት ቢኖር ኖሮ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ምን ሥራ ይኖረኝ ነበር? የለመንሽኝን አልጽፍም። አንድ ውሸት ከጨመርኩበት እውነቱም አብሮ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ አባትሽን የሚያወጣ ወረቀት አይኖርም።

የላክሽው ወረቀት እዚህ ሲደርስ ፖስታውን አርሶት ነበር። ጅቡቲ ሳይቀልጥ የሚቀር ነገር የለም። የማሽን ግራሶ ቢሆን ከሽታው ለይቼ አውቀዋለሁ። ይህ ቅቤ ነው፤ ያውም ከዓመት ዓመት እየተደራረበ የተቀባ፣ ከሥሩ የሸተተ ቅቤ። እንደ እኔ ያለውን የአምቦ ሰው በዚህ ሽታ ማታለል አይቻልም።

በመርፌ የመሥመሮቹን ሆድ ጫሪና ምን ቀለም እንደሚወጣ ጻፊልኝ። ቅርብ ጊዜ የተመታ ከሆነ ነጭ ብረት ይወጣል።

ከዚያ እናትሽን ጠይቂያት። ጠይቀሻት እንደሆነም የመለሰችልሽን ጻፊልኝ። አልቆጣም።

ቀንዓ

*

ጉደር፣ መጋቢት 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ቀንዓ፤ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ያለፈውን ደብዳቤ ስጽፍ እጠረጥር ነበር፤ መጠየቁን ፈርቼ ነው።

መጀመሪያ መርፌው። የወጣው ጥቁር ነው፤ እንደ ጥላሸት።

እናቴን የጠየቅኳት የአዲሱን ቤት ግድግዳ ስትመርግ ነው።

«እማዬ፣ ፉርጎውን ቅቤ የሚቀባው ማን ነው?»

የያዘችውን ጭቃ ለጥፋ በመዳፏ አለሰለሰችው። «ቀንዓ ነው የነገረሽ?»

«ሽታው ነው የነገረው።»

«አፍንጫው ከልጅነቱም እንዲሁ ነበር» አለች። እንደገና ጭቃ አነሣች። ይህንንም ሳትናገር የምታልፈው መስሎኝ ነበር።

እሷ ሙሽራ ሆና ስትመጣ የግራዝማች ጥጆች ጠባቂ ነበረች። ፉርጎው በመጣበት ዓመት ከገቡት ጥጆች ብዙዎቹ ሞቱ። ጥፋቱ የእሷ ተባለ። አንድ ቀን ከኋላው ስትጠርግ ያንን ስረዛ አገኘች። «ከብት ለምልክት ጆሮው ሲተለተል ቁስሉ ቅቤ ይቀባል። ይሄን ነገር ጆሮውን ተልትለውት ሳያክሙት አመጡት፤ ለዚህ ነው ጥጃ የሚበላው አልኩ። ቀባሁት። በዚያ ዓመት አንድም አልሞተም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ክረምት በወጣ ቁጥር፣ ማንም ሳያያት፣ ከእንጨቱ ክምር ኋላ ገብታ ትቀባዋለች።

«ጌታን ከተቀበልሽ በኋላም?»

«ጌታን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ጥጆቹ አልተቀበሉ፣ ኢንተላ ኮ!»

ልጄ ስትለኝ በኦሮምኛ ነው፤ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ጋሼ፣ ነገሩን ከባድ ያደረገውን አሁን ልጻፍልዎ። ዓምና እታገኝ የምትባል ጎረቤታችን ከወንዙ ዳር ያለውን ዋርካ ቅቤ ስትቀባ ታየች። ጉባኤው ከኅብረት አገዳት፤ ከቅዱስ ቁርባንም ተለየች። ውሳኔውን ቆመው ያነበቡት አባባ ናቸው። እናቴ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ነበር። እታገኝ እስከ ዛሬ ከበሩ ውጭ ቆማ ነው መዝሙር የምትሰማው።

ቅዳሜ አባባን ለመጠየቅ አምቦ ሄድኩ።

«እናትሽን ምንም እንዳትጠይቂያት» አሉኝ፣ ገና ሳልቀመጥ።

«ጠየቅኳት።»

ያመጣሁላቸውን ስንቅ ሳይፈቱ አስቀመጡት። «በየመስከረሙ ከቅሉ ቅቤ እንደሚጎድል ባል የማያውቅ ይመስላታል» አሉ።

«ታዲያ ለምን አይናገሩም? ቅቤ ነው ቢሉ ይፈቱዎታል።»

«ማን ቀባው ሲሉኝስ? ያቺን ሴት ከጉባኤ ያስወጣሁ እኔ ነኝ። የሷን አይቼ የቤቴን ሸፍኜአለሁ። አሁን ራሴን ለማስፈታት ድንቅቱን በሕዝብ ፊት አላቆምም። አንቺም አታቁሚያት።»

በአውራጃው አዳራሽ የሚታይበት ቀን ሐሙስ ሚያዝያ 15 ነው። ያን ቀን ብረቱ ለምን እንዳልዛገ የሚያስረዳ ሰው ካልቀረበ ጉዳዩ አዲስ አበባ ወደሚገኝ ፍርድ ቤት ይተላለፋል። እዚያ ከሄደ ቅጣቱ የዓመታት እስራት እንደሆነ ጓድ በድሉ ነግረውኛል። አባባ ስልሳን አልፈዋል፤ ሳላቸውም በርትቷል። ሳሉን እስከ ዛሬ አልጻፍኩልዎትም ነበር።

ምን ይሻለኛል?

ባየሽ

*

ጅቡቲ፣ መጋቢት 30 ቀን 1979 ዓ.ም.

ልጄ ባየሽ፤ ሳሉን እግዚአብሔር ያስታግስለት። ለዚያ ቀን እንድደርስ ፈቃድ ጠይቄ አልተሳካልኝም፤ ተተኪ የለኝም። ሁለተኛ ወረቀት ልኬልሻለሁ፤ ፊርማም ማኅተምም አለው።

የጻፍኩት ይህን ነው። የመሥመሮቹ ሆድ ውስጥ ያለው ጥቁር ዝገት አሮጌ ነው፤ ስለዚህ ስረዛው የዘንድሮ አይደለም። ላዩ ያበራው ለብዙ ዓመት የከብት ቅቤ ሲቀባ ስለኖረ ነው። ማን እንደቀባው አልጻፍኩም፤ አላየሁምና። ነገር ግን እንዳትሳሳቺ። ወረቀቱ ከቀረበ የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው፤ መልስ የሚሰጥ ሰው ከሌለም ወረቀቱ ብቻውን አይቆምም።

ስለ ጥጆቹ የማውቀውን ልንገርሽ። ብረት ፉርጎ በክረምት ከውስጥ ያልበዋል፤ ጥጃ በእርጥበት ይሞታል። በሁለተኛው ዓመት ጭቃ መርገውት፣ ከላይም መተንፈሻ ከፍተውለት ይሆናል። ይህን ለድንቅቱ ንገሪያት አልልሽም። ታውቀው እንደሆነም አላውቅም።

ይህንን ግን ንገሪልኝ። በየእርሻው ያገኘኋቸው ፉርጎዎች ሁሉ ቁጥራቸው በዝገት ተበልቷል። የትኛው ከሥራ ወጥቶ እንደተሸጠ፣ የትኛው እንደተሰረቀ የሚለይ የለም። የረጋሳ ፉርጎ ብቻ ነው የሚነበበው። የእሷ ቅቤ ባይኖር ኖሮ እኔም የምመሰክረው ነገር አይኖረኝም ነበር።

ምን ይሻለኛል ብለሻል። ባልና ሚስት አንዱ ሌላውን ለመሸፈን ዝም ሲሉ ሦስተኛ ሰው ገብቶ የሚሻለውን መናገር አይችልም። ድንቅቱ ሁሉንም ትስማ። ረጋሳ ለምን ዝም እንዳለ፣ ሳሉንም ጭምር፣ ንገሪያት። ከዚያ ውሳኔው የሷ ነው።

ቀንዓ

*

ጉደር፣ ሚያዝያ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ቀንዓ፤ የትንሣኤው ጌታ ከእርስዎ ጋር ይሁን። ደብዳቤዎ ስቅለት ዕለት ደረሰ።

ለእናቴ ሁሉንም አነበብኩላት። ስለ ቁጥሩ የጻፉትን ደግሜ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። የሳሉን ግን አንድ ጊዜ ሰምታ በቃኝ አለች። «ያውቅ ነበር?» አለችኝ። «ያውቁ ነበር» አልኳት። «በየዓመቱ?» አለች።

ሰኞ እታገኝ ቤት ሄደች። እታገኝ ከጉባኤ ከወጣች ወዲህ እናቴ ያንን ደጅ ረግጣ አታውቅም። በር ላይ ስትደርስ «ድንቅቱ ነሽ ወይስ ጥላሽ?» ስትላት ከመንገዱ ሆኜ ሰማሁ። «እኔ ነኝ፤ አስገቢኝ» አለች። ቆየች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ አልጠየቅኳትም።

ዛሬ ጠዋት ግን ጥያቄዎች አመጣች። ጓድ በድሉ በአማርኛ ነው ወይስ በኦሮምኛ የሚጠይቋት? በኦሮምኛ እንድትመልስ እንደሚፈቅዱላት፣ የሚተረጉምላትም እኔ ሳልሆን የአውራጃው ጸሐፊ እንደሆነ ነገርኳት። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች አዳራሹ ውስጥ ይኖራሉ ወይ አለችኝ። ለአባባ ጠባይ ምስክር ሆነው ስለተጠሩ ሦስቱም እንደሚኖሩ ነገርኳት። እኔ ሌላ ነገር ብነግራት ደስ ባለኝ። ለተሬፋም ሰው ልካ «ጓድ ይሁን ኦቦ ይሁን፣ ያን ቀን አፉን ይሰብስብልኝ» ብላለች።

ከነገ ወዲያ በማለዳው አውቶቡስ አብረን እንሄዳለን፤ ይህን ቁርጥ አድርጋለች። የሚመጣው ግን ሰውነቷ ብቻ ይሁን ቃሏም ጭምር አልነገረችኝም። ሁለተኛው ወረቀትዎ ከእኔ ጋር ነው። አባባ እንዳላወጣው ለምነውኛል፤ እኔም እሷ ካልተነሣች ላላወጣው ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።

አዳራሹ የሚከፈተው ሐሙስ በሦስት ሰዓት ነው። ጓድ በድሉ ጥያቄያቸውን በጠቅላላው ለተሰብሳቢው እንደሚያቀርቡ፣ የሚያውቅ ሰው ካለ እንዲቆም እንደሚጠይቁ ነግረውኛል። እናቴ ከየትኛው ወንበር እንደምትቀመጥ ጠይቃኝ ከኋላ ብትሆን ይሻላል አልኳት። «አይ፣ ከፊት» አለችኝ።

ባየሽ